ባለ ጓንቲው ያላለው

ካርቱን የልጅ ነገር ነው ይባላል። እኔም እል ነበር። ዘንድሮ ግን ክረምቱን ሙሉ፣ ፂሜ የሸበተው ሰውዬ፣ ከሐጂ ሱቅ ደጃፍ ተጎልቼ ካርቱን ሳይ ከረምኩ። የሚስቅ ይሳቅ።

ኮኪት ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነኝ። በክረምት መጋዘኑ ባዶ ስለሆነ የምጠብቀው ቆርቆሮውንና አይጡን ነው። የሐጂ ሱቅ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ። ከሱቁ ፊት ራኩባ አለ፤ ግድግዳ የሌለው፣ በሣር የተከደነ ዳስ። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሐጂ ቴሌቪዥናቸውን ከሳሙናውና ከባትሪ ድንጋዩ መሃል አስቀምጠው ፊቱን ወደ ውጭ አዙረውታል። ሻይ የጠጣ ያያል፤ ያልጠጣም ያያል። ሐጂ እንዲህ ያለውን አይተው እንዳላዩ ያልፉታል።

ማታ ኳስ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ቴሌቪዥኑ የልጅቱ ነው። ልጅቱ የሐጂ የልጅ ልጅ ናት። ካርቱም ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት፤ ተኩሱ ሲጀመር ከእናቷ ጋር በመተማ በኩል ገብታ አያቷ ዘንድ ተጠጋች። የመጣች ሰሞን ሰው አታናግርም ነበር። እዚያ እያለች የጀመረችው አንድ ካርቱን ነበር፤ መንገድ ላይ ሳሉ ብዙ ክፍል አለፋት። እዚህ ከገባች በኋላ ከመጀመሪያው እንደገና ሲያሳዩት አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ሪሞቱን ታቅፋ ነው የምትውለው። ሐጂም «ከሰዓት በኋላ ሪሞቷን የነካ፣ ከእኔ ቤት ሻይ አይጠጣም» ብለው ሕግ አወጡ።

ለአረም ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ። ዝናብ የጣለ ዕለት ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ እግር እየያዘ ስለማያስኬድ ሥራ የለም፤ ሁሉም መጥተው ራኩባው ሥር ይታጨቃሉ። መዳፋቸው እንደ ሞረድ የሻከረ ትልልቅ ሰዎች፣ ካርቱን ሊያዩ። ጥቂት እንደቆዩ ግን «ዛሬ የካርቱኗን ልጅ ምን ይገጥማት ይሆን?» እያሉ ከልጅቱ ቀድመው የሚቀመጡ ሆኑ።

ካርቱኑ የሚናገረው በዓረብኛ ነው። የእኔ ዓረብኛ የገበያ ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅና ለመሳደብ ይበቃል። ደገኞቹ እሱም የላቸውም። ስለዚህ ሐጂ ከባንኮኒያቸው ኋላ ሆነው፣ ስኳር እየመዘኑ፣ ጮክ ብለው ይተረጉሙልናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከሸለቆው አናት ላይ፣ እጁን ጥቁር ጓንቲ የሚያጠልቅ ሰውዬ ትልቅ የብረት በር ሠርቶ ውሃውን ዘጋባቸው። ስም አለው፤ እኛ ግን ባለ ጓንቲው ነበር የምንለው። ሸለቆው ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ ገሚሱ ሰው ተሰደደ። አንዲት ልጅ ያን በር ላስከፍት ብላ ትነሣለች፤ የምናየው የእሷን መከራ ነው። ባለ ጓንቲው የማይለቀው ሳል አለበት። ሾርባው ከቀዘቀዘ ምግብ አብሳዩን ከቤት ያባርራል። ክፋቱ የተረት ነው፤ አመሉ ግን የምናውቀው ሰው አመል ነው።

አንድ ቀን ልጅቱ «ባለ ጓንቲው ይመለሳል፣ ጥሩ ሰው ይሆናል» አለችን። ካርቱም ያሉ ጓደኞቿ ነግረዋት ነበር። እኔ ገና ከወሬው ደሜ ፈላ።

«አይመለስም» አልኩ።

«በምን አወቁ አያ?» አለ አንድ የጎጃም ልጅ።

«ሲመለሱ አይቻለኋ።»

እውነቴን ነው። ልጅቱ ሌላም ሌላም ካርቱን ስትከፍት አብሬ አይቻለሁ። ክፉውን ሰውዬ አንዲት ሕፃን ታቅፈዋለች፤ ሙዚቃ ይመጣል፤ ያለቅሳል፤ በቃ። ወፍራም የነበረው ድምፁ ይቀጥናል። ቅንድቡ እንኳ ይስተካከላል። በማግሥቱ፣ ቤታቸውን ካቃጠለባቸው ሰዎች ጋር ማዕድ ቀርቦ ይስቃል። ቤቱን ማን መልሶ ሠራው? አይነግሩንም። ወይ ደግሞ ልጅነቱን ያመጡብናል፤ አባቱ ሲገርፈው፣ ባልንጀሮቹ ሲስቁበት። እኔም ተገርፌያለሁ። የማንንም ውሃ አልዘጋሁም።

መጽሐፉም አይሻልም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ ሕፃናት ቀን በሚማሩበት ጠባብ ዴስክ ሥር ጉልበቴን አጣጥፌ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ተረት ውስጥ አንድ ጅብ ነበረ፤ የሰው ከብት ሲበላ ሲበላ ኖሮ መጨረሻ ላይ «ተጸጸተ» ይላል። ያችን ቃል አንብቤ እስክጨርስ ላቤ ወጣ። ለካ ጅቡ ከእኔ ያነሰ ነው የለፋባት።

ይኼን ሁሉ ስናገር ከራኩባው ጫፍ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት በኩል፣ አንድ ሰውዬ ብቻውን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። እንዲሰማ ብዬም ነበር የምናገረው።

ያ ሰውዬ ድሮ ካቦ ነበር። ካቦ ማለት በሰሊጥ እርሻ ላይ ሠራተኛውን የሚያዝ ነው፤ ማን የት እንደሚያጭድ፣ ትራክተሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ማረፍ እንደሚችል የሚወስን። ባለ እርሻው ከተማ ነው የሚኖረው። በረሃው ላይ ንጉሡ ካቦው ነው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ አብረን ወርደን እሱ ካቦ በሆነበት እርሻ ላይ ገባን፤ ከሽንፋ ወዲያ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው እንደ ጎጆ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ ይባላል። ደርቆ አፉን ሲከፍት ሸራ ላይ ይራገፋል። ቀኑ ካለፈው፣ ነፋስ ካገኘው፣ እህሉ መሬት ላይ ነው። ልክ በዚያ ሰሞን ወንድሜን ወባ ጣለው። መጀመሪያ አንቀጠቀጠው፤ ከዚያ መቃዠት ጀመረ። ወደ ካቦው ሄድኩ። «ትራክተሩን ስጠን፣ ሽንፋ ጤና ጣቢያ እናድርሰው» አልኩት። «ትራክተሩ ተበላሽቷል» አለኝ። ማለልኝም።

በቃሬዛ ተሸክመነው በእግራችን ወጣን። ሽንፋ ሳንደርስ፣ አንድ ዲዛ ዛፍ ሥር አረፈ። አብረውኝ የተሸከሙት ሠራተኞች ጉድጓዱን በማጭድና በቆመጥ ማሱለት። እድር የለ፣ ድንኳን የለ፣ ደረቷን የምትመታ ሴት የለች። አፈሩን መለስንበት፤ እነሱ ወደ ሰሊጡ ተመለሱ።

ኋላ አንዳንዱ «ትራክተሩ በዚያ ቀን ሲሠራ አይቻለሁ» አለኝ። አንዳንዱ «አይ፣ በእርግጥ ቆሞ ነበር» አለኝ። ካቦው ወደ አብደራፊ ሄዶ ሌላ እርሻ ያዘ። እኔ ደጋ አልተመለስኩም፤ እናቴ ፊት ምን ብዬ ልቁም። ሰው መሞቱ ይለመዳል። ያች ጥያቄ ግን አልተለመደችልኝም፤ ትራክተሩ ደህና ነበር ወይስ አልነበረም?

ዘንድሮ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ካቦው ኮኪት መጣ። ድምፁ ከማሳ ማዶ የሚሰማ ደንዳና ሰውዬ ነበር። በሽታ ይሁን ዕድሜ እንጃ፣ ሰውነቱ አልቆ ሆዱ ብቻ ቀርቷል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። እና እድር ልግባ አለ።

የእኛ እድር እስላም ክርስቲያን አይለይም፤ የሚለየው መቃብሩ ብቻ ነው። አብዛኞቻችን ከየትም ተሰብስበን ዘመድ የራቀን ሰዎች ነን፤ ለእኛ እድር ማለት ሲሞቱ የሚያነሣ ሰው ማለት ነው። አንድ ደንብ አለው፤ ከእድርተኛ ጋር የከረመ ቂም ያለበት ሰው ሳይታረቅ አይገባም። አንድ ድንኳን ሥር እንዳይፋጠጡ ነው። ስለዚህ የሰውዬው ነገር በእኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። እሺ ካልኩ ሰው ይቀብረዋል። እምቢ ካልኩ እንደ ወንድሜ ነው የሚቀበረው፤ ምናልባት ማጭድ የሚያነሣለትም አይገኝ። ይኼን ከተማው ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ሰውነቱን ያየ ደግሞ ብዙ የሚጠብቅበት ጊዜ እንደሌለው ያውቃል።

ሐጂ ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ሻይ በነጻ እያጠጡ ሲያግባቡኝ ነው የሰነበቱት።

«አንተ ሰው፣ ቂም ያዘለ ጀርባ ጆንያ አይችልም» ይሉኛል።

«ጆንያ ትቻለሁ ሐጂ፣ ዘበኛ ነኝ» እላቸዋለሁ።

«እንዲያው ምን አለበት፣ አንዴ ብትሰማው?»

«ምን ልሰማ? የሚናገረውን ቃል እርስዎ አስቀድመው ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ።»

ይስቃሉ። ሻዩን ይጨምሩልኛል። እኔም እጠጣለሁ፤ ሻዩ ግን እምቢታዬን አያጣፍጠውም።

ልጅቱ የጠበቀችው ክፍል የመጣ ዕለት ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ይደበድብ ነበር። ሐጂ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፈቱት። ባለ ጓንቲው ከተራራው ብቻውን ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ከበቡት። ድንጋይ ያነሣ ነበረ። ባለ ጓንቲው ቆመና ጥቂት ነገር ተናገረ። ሐጂ ሚዛኑን ትተው፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተረጎሙ።

«ወገኖቼ ሆይ፣ በደሌ ከዚህ ተራራ ይከብዳል። ዓይኔ ታውሮ፣ ልቤ ደንድኖ ነበር። ዛሬ ከእግራችሁ ሥር ወድቄያለሁ። እንደ አህያችሁ ጫኑኝ፣ እንደ ውሻችሁ አባሩኝ፣ ብቻ ማሩኝ። ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም።»

ሠራተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ የወሎ ሰው «አይ ሰው መሆን» አለ። ጫፍ ላይ የተቀመጠው ካቦ አንገቱን ደፋ።

«ውሸታም ነው» አልኩ።

«ማ?» አሉ ሐጂ።

«ባለ ጓንቲው። ይኼ ሁሉ ቃል ከየት መጣለት? ትናንት ሾርባው በረደ ብሎ ሰው ያባረረ፣ ዛሬ እንደ ደብተራ ቅኔ ይዘርፋል?»

«ሰው ሲጸጸት አንደበቱ ይፈታል።»

«መቼ ታስሮበት ያውቃል? ስለ በሩ ምን አለ? በሩን አንሥቶታል?»

የጎጃሙ ልጅ «አያ፣ ካርቱን እኮ ነው፣ በሞቴ ይማሩት» ሲል ሰው ሳቀ።

ልጅቱ ሪሞቱን እንደታቀፈች ወደ አያቷ ዞረች። «ጂዲ፣ እንደሱ አላለም» አለች። አያቷን የምትጠራው እንዲያ ነው።

«አንቺ ዝም ብለሽ እዪ።»

«አላለም። ይኼ መንገድ ላይ ሆነን ያለፈኝ ክፍል ነው። በደንብ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ምን አለ?» አልኳት።

አማርኛው እንዳይሰበርባት ቀስ እያለች ነገረችኝ። «‹በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልከፍተው ሞከርኩ፣ ማጠፊያው ዝጓል፣ ለብቻዬ አልቻልኩትም። መዶሻ ያለው አለ?› ነው ያለው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ከዚያ ሳሉ ያዘው።»

ራኩባው በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። ሐጂ ፂማቸውን እያሻሹ «ምን ላድርግ፣ ለንስሐ አነሰብኝ» አሉ። «እርቅ ላይ በዳይ መቼ ይናገራል? ሽማግሌ ነው የሚናገርለት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ሆኜ ኖሬ፣ አመል ሆኖብኝ ትንሽ ሞላሁለት።»

«ትንሽ ነው እንዴ ሐጂ? አህያና ውሻ ጨምረውለት» አለ የጎጃሙ ልጅ።

«ዝገቱ ግን ከዚያው ነው» አሉ ሐጂ። እሳቸውም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ቴሌቪዥኑን ነበር የማየው። ባለ ጓንቲው ባዶ እጁን ቆሟል፤ መዶሻ የሚሰጠው የለም። ከቆየ በኋላ አንዲት አሮጊት ከሰዉ መሃል ወጥተው፣ መዶሻ አምጥተው እግሩ ሥር ጣሉለት። በእጁ አልሰጡትም። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ሳለ፣ ወደ ተራራው መንገድ ጀመረ። ሙዚቃ አልነበረውም።

ይኼን ሰውዬ አመንኩት። የሠራውን በስሙ ጠራው። የለመነው ምሕረት አይደለም፤ የሚሠራበትን ዕቃ ነው። ድምፁ ያው ወፍራም፣ ሳሉ ያው ሳል። አሮጊቷም አልዋሹም፤ የጣሉለት መዶሻ እንጂ ፍቅር አልነበረም። ወደ ጫፍ ሰረቅ አድርጌ ሳይ ካቦው ከተደፋበት ቀና ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደኔው ያያል። ወዲያው ፊቴን መለስኩ።

ሰዉ ሲበተን ልጅቱን «እነዚያ ሰዎች ይምሩታል?» አልኳት።

«እንጃ። ገና ብዙ ክፍል አለው።»

«አንቺ ብትሆኚስ?»

አሰበች። ካርቱም ቤታቸው ውስጥ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገብተውባቸው ነው ሸሽተው የወጡት። ድመቷ እዚያው ቀርታለች። «ቤታችን የገቡት ሰዎች ቢመጡ፣ መጀመሪያ ድመቴን ምን እንዳደረጓት እጠይቃቸዋለሁ» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም። መጀመሪያ እሱን ይንገሩኝ።»

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔ እሺ ሳልል ሐጂና መምሬ ደጄ ላይ መጡ። መምሬ የደብሩ ቄስ፣ የእድሩም ሌላው ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ካቦው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ደንቡ ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ አፉን አይከፍትም፤ ሽማግሌ ይናገርለታል። ተበዳይ ይቅር ያለ እንደሆነ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ድንጋዩ ትልቅ አልነበረም፤ ለእሱ ጉልበት ግን ብዙ ነበር። አገራችን ዋልካ ነው፤ ድንጋይ እንደልብ አይገኝም፤ ከወንዝ ዳር ነው ያመጣው መሰለኝ።

መምሬ ጀመሩ። «ልጄ፣ ይኼ ወንድምህ በደሉን አውቆ፣ ልቡ ተሰብሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ...»

«መምሬ፣ ይፍቱኝ» አልኩ። «እሱ ይናገር።»

«እንዲህ ያለ ደንብ የለም።»

«አውቃለሁ። እናንተ አልበደላችሁኝም። እሱ ይናገር።»

መምሬ ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይናገር መምሬ። እኔ በሰው አፍ ተናግሬ በልጅ ልጄ ፊት መሳቂያ የሆንኩት በዚሁ ሳምንት ነው» አሉ።

ካፊያው ድንጋዩን አርሶ በካቦው አንገት ላይ ይወርዳል። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ትራክተሩ ደህና ነበር።»

ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አስተካክሎ ቀጠለ።

«ቁልፉ ኪሴ ነበር። ሰሊጡ አፉን ከፍቷል፣ ባለ እርሻው ሊያይ ይመጣል። ትራክተሩ ከወጣ ሸራና ውሃ የሚያመላልስልኝ የለም፣ ሰሊጡ ይረግፍብኛል ብዬ ፈራሁ። ወባ ነው፣ ይለቀዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ተበላሽቷል ያልኩህ ውሸቴን ነው። ቃሬዛውን ይዛችሁ ስትወጡ ቆሜ አይቻችኋለሁ። ልጠራህ እችል ነበር። አልጠራሁህም።»

«ይቅር በለኝ በለው እንጂ» አሉ መምሬ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱን እሱ ያውቃል» አለ።

አንቱ አላለኝም፤ አላለቀሰም። ድምፁ ያው በማሳው ላይ የማውቀው ድምፅ ነው፤ ትንፋሽ ነው ያጠረው። እጄ ዱላዬን ፈለገ። አገኘው። ከዚያ እንጃ፣ መልሼ ግድግዳው ላይ ደገፍኩት።

ደስ አላለኝም። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ወንድሜ ሁለት ሞት ነበር የሚሞትብኝ፤ አንዱን ትራክተሩ ተበላሽቶ፣ አንዱን ትራክተሩ ደህና ሆኖ። አንደኛውን እያዘንኩ ሁለተኛውን እቆጣለሁ፤ ሁለቱም አይሞላልኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሞቱ አንድ ሆነ። ተቀምጬ ላለቅስለት የምችለው ሞት ሆነ።

«ድንጋዩን አላወርድልህም» አልኩት። «ራስህ አውርደው።»

እያቃሰተ አወረደው። ደጄ ላይ አስቀመጠውና ቀጥ ብሎ ለመቆም ሞከረ።

«እድሩ ግባ። ስትሞት እቀብርሃለሁ። ይቅር ማለቱን አሁን አላውቅም፤ አልዋሽህም።»

መምሬ ግራ ገባቸው። «ታዲያ ይኼ እርቅ ነው አይደለም? ለእድሩ ምን ብዬ ልንገር?»

«ይገባል ይበሏቸው።»

«ኸላስ» አሉ ሐጂ፤ «አለቀ። እኔ እንደሆነ ምንም አልጨምርበትም።»

ድንጋዩ አሁንም ደጄ ላይ ነው። ሲዘንብ የጫማዬን ጭቃ እጠርግበታለሁ።

ካርቱኑ ቀጥሏል። ባለ ጓንቲው በመዶሻው ማጠፊያውን ሲቀጠቅጥ ይውላል፤ በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፍቶ ቀጭን ውሃ መውረድ ጀምሯል። የሸለቆው ልጆች ጭቃ ይወረውሩበታል። እሱም ይሳደባል፤ አመሉ የት ይሄዳል። የወሎው ሰው «መቼ ነው የሚወዱት?» እያለ ይበሳጫል። እኔ ግን እንዲረዝም ነው የምፈልገው። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ተነሥቼ ወደ መጋዘኔ እሄድ ነበር።

ካቦውም እንዲሁ ነው። እድሩ ከገባ ወዲህ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ይገኛል፤ መሸከም ስለማይችል ደግሞ ያዛል። «ያን ካስማ አጥብቀው፣ አንተ፣ ገመዱን ወዲህ» ይላል፣ ልክ እንደ ድሮው። ሲናገር ጥርሴን እነክሳለሁ። ድምፁ ቀጥኖ፣ ፊቱ ለስልሶ ቢመጣ ኖሮ ግን በደጄ የተናገረውንም እጠራጠር ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ለአረም የወረደ የደጋ ልጅ ወባ ገደለው። እድርተኛ አይደለም፤ ግን ማን ይተወዋል። በጠዋት አካፋ ይዤ መቃብሩ ቦታ ስደርስ፣ ካቦው ቀድሞኝ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። እስከ ወገቡ ደርሷል። እርጥብ ዋልካ ነው፤ አካፋው ላይ ተጣብቆ አልወርድም ይላል፤ በጣቱ እየፋቀ ያወጣዋል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውጣ፣ ትሞታለህ» አልኩት።

«ስትሞት እቀብርሃለሁ ብለኸኛል» አለ፣ መቆፈሩን ሳያቆም።

ልስቅ ነበር፤ ሳቄን ያዝኩት። ወረድኩና ከሌላው ጫፍ ጀመርኩ። ጉድጓዱ ለሁለት ሰው ይጠብባል፤ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ቀና እያለ ነው የጨረስነው። የልጁን አስከሬን ይዘው ሲመጡ ለቅሶው ከሩቅ ተሰማ፤ አብረውት የወረዱት ጓደኞቹና የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ።

እኔ ዘልዬ ወጣሁ። እሱ ጠርዙን ይዞ ሞከረ፤ ጭቃው አዳለጠው፤ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ቆመ። ና አውጣኝ አላለም። ወደ እኔ እንኳ አላየም።

የአካፋዬን እጀታ ዘረጋሁለት። ያዘው። እጄን አልሰጠሁትም፤ እጀታውን ግን እስኪወጣ ድረስ ጠበቅ አድርጌ ይዤለት ነበር።